ሳሌሃ ልጆቹን የወገረችበት ቀን

ቡታጅራ ውስጥ ሳሌሃን የሚወዳት ሰው አልነበረም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ አልከፋትም። በገበያ ቀን በርበሬዋን ዘርግታ ስትቀመጥ ገዢው በርበሬውን እንጂ እሷን ቀና ብሎ አያይም። ጎረቤት የተበደረውን ወንፊት ሊመልስ ሲመጣ ከደጅ አስቀምጦ ይሄዳል። ምላሷ እሬት ነው ይሏታል። ሰላምታዋ እንኳ ቁጣ ይመስላል።

ከድሮ የሚባለው ባሏ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በወባ ሞተ። የተረፈቻት ሰፍያ የምትባል አንዲት ልጅ፣ ከቤቷ ጀርባ ያለው እንሰትና ጥቂት የበርበሬ መሬት ነበር። የሐዘኑ ወራት እንዳለፈ ዋርሳዋ ሸረፋ፣ የከድሮ ታናሽ ወንድም፣ ሽማግሌ ሰብስቦ መጣ። "የወንድሜ ቤት ሊዘጋ አይገባም፤ እኔ እገባበታለሁ" አለ። ወጉ ያዘዋል፤ ሽማግሌዎቹም የመጡት ለመመረቅ እንጂ ለመከራከር አልነበረም።

ሳሌሃ ከጓዳ ወጥታ በመሃላቸው ቆመች። "ከድሮን ስቀብር አንተንም አብሬ የቀበርኩህ መስሎኝ ነበር" አለችው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁን ተከተሉ። ሸረፋ ግን አልሳቀም። ተነስቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል "አሰላሙ አለይኩም" የሚባል ቃል ቀረ።

ጣሊያን ቡታጅራን ይዞ ካምፑን ከሠራ በኋላ፣ ከከተማው በታች ያለው ሰፊ ሜዳ ከባለቤቶቹ ተነጥቆ ቤፔ ለሚባል አንድ ጣሊያናዊ ተሰጠ። ቤፔ ሜዳውን በሙሉ ስንዴ ዘራበት። ለሥራው ሰው ሲያስፈልገው ሸረፋን ካቦ አድርጎ ሾመው። ካቦ ማለት አለንጋ የያዘ ሰው ማለት መሆኑን አገሩ ወዲያው ተማረ። ስንዴው ሲደርስ ትእዛዝ ወጣ፦ ከየቤቱ አንድ አንድ ሠራተኛ ይምጣ። ከወንዶቹ ገሚሱ ዱር ገብቷል፤ ገሚሱ ለመንገድ ሥራ ተወስዷል፤ የቀረውም የራሱን ማሳ የሚያጭደው እሱው ነው። ስለዚህ አባቶች ልጆቻቸውን ላኩ።

ሸረፋ ወደ ሳሌሃ ደጅ የመጣው ከሁለት ባንዳዎች ጋር ነው።

"ሰፍያ ነገ ጠዋት እርሻው ላይ ትገኝ" አለ።

"እኔ እመጣለሁ። ከየቤቱ አንድ ሰው አይደል የተባለው?"

"አሮጊት አልተፈለገም።"

"አሮጊት ከሆንኩ ያኔ ሽማግሌ ይዘህ ምን ልትፈልግ መጣህ?"

አንደኛው ባንዳ ጢሙን በእጁ ሸፈነ። ሸረፋ አለንጋውን በእግሩ ላይ መታ መታ አደረገ። "ልጅቷ ካልመጣች ቤቱ ይቃጠላል። የወንድሜ ቤት ነው፤ አላዝንለትም።"

"የወንድምህ ልጅስ?"

ሸረፋ ፊቱን አዙሮ ሄደ። በማግስቱ ሰፍያ ወደ እርሻው ስትወርድ ሳሌሃ ከኋላዋ ተከተለች። ሸረፋ ለእሷ የሚሆን ምግብ እንደሌለ ነገራት። "ያንተን ምግብ ከበላሁ ሐራም ይሁንብኝ" አለችው። እየገፋ አባረራት፤ በሌላ በኩል ዞራ ገባች። ደግሞ አባረራት፤ ደግሞ ገባች። በመጨረሻ ቤፔ ከሩቅ አይቶ "ነጻ ጉልበት ነው፤ ተዋት" ማለቱን አስተርጓሚው ተረፈ ተናገረ። ሸረፋ ተዋት፤ ጥርሱን ግን ነከሰባት።

እዚያ ያየችው ነገር ደሟን አፈላው። ገና ጥርሳቸውን የቀየሩ ልጆች ማጭድ ይዘው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ያጭዳሉ። አንዱ ማጭዱን ሲስብ የጎኑን ልጅ ክንድ ሊቀድ ለጥቂት ይስታል። ውሃ የሚጠጡት በሬዎቹ ከሚጠጡበት ቦይ ነው። የቀትሩ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ፍለጋ የነዶ ክምር ሥር ይገባሉ፤ ክምሩ ደግሞ በጋሪ እየተገፋ ይመጣል።

ሳሌሃ ልጆቹን አላባበለችም። የበርበሬ መኮትኮቻዋን ዘንግ ይዛ በመሃላቸው ተመላለሰች። የተጠጋጋውን በዘንግ ትለያያለች። ማጭዱን ወደ ራሱ እግር የሚስበውን በጭንቅላቱ ትቆረቁረዋለች። "እናትህ እግርህን አምጣልኝ ብላ ነው የላከችህ?" ትለዋለች። ክምር ሥር የተኛውን በጆሮው ጎትታ ታወጣዋለች። ልጆቹ ከሸረፋ አለንጋ ይልቅ የእሷን ምላስ ፈሩ። ሰፍያ በእናቷ አፍራ ከሌሎቹ ጋር አብራ ዘወር ትል ነበር።

አጨዳው አልቆ ውቂያ ሲጀመር ግን ሳሌሃ የማታውቀው ነገር መጣ። ቤፔ ከአዲስ አበባ የመውቂያ መኪና አስመጣ። መኪናው በአንድ ወገን ይቆማል፤ ትራክተሩ ራቅ ብሎ ይቆማል። በሁለቱ መካከል ቺንጋ የሚሉት ረጅም ጠፍር ተዘርግቶ እንደ እብድ ይሮጣል፤ መኪናውን የሚያዞረው እሱ ነው። የነዶው ክምር ደግሞ ያለው ከቺንጋው ወዲያ ማዶ ነበር። ልጆቹ ነዶ ተሸክመው ዙሪያውን መሄድ ይገባቸዋል። ሸረፋ ግን "በአቋራጭ! በሥሩ እለፉ!" እያለ ጎንበስ ብለው በሚሮጠው ጠፍር ሥር እንዲሾልኩ ያስገድዳቸዋል።

አደይ የምትባል፣ ባዩ የሚባል ከሶዶ በኩል የመጣ ክርስቲያን ልጅ፣ ነጠላዋን አገልድማ ነበር። ነዶውን አቅፋ ስትሾልክ የነጠላዋ ጫፍ ቺንጋውን ነካው። ጩኸቷን ማንም አልሰማም፤ የሞተሩ ጩኸት ይበልጥ ነበር። ሰዉ ያየው ልጅቷ ከመሬት ተነስታ ቺንጋው ከሚዞርበት መዘውር ጋር ስትላተም ነው። ነጠላው ተቀዶ ሲለቃት ወደቀች። ቀኝ ክንዷ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር።

ሳሌሃ ደረሰች። መቀነቷን ፈትታ ክንዱን ከደረቷ ጋር አሰረችው። ቀና ስትል ሸረፋ የቆሙትን ልጆች "ምን ታያላችሁ? ነዶ አምጡ!" እያለ ይገርፋል። ሞተሩ አልቆመም ነበር።

ልጅቷን በቃሬዛ ለቤቷ አደረሷት። ወጌሻ መጥቶ አጥንቱን መለሰው፤ ክንዱ ግን እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ሆኖ ቀረ። በማግስቱ ከሥራ በኋላ ሳሌሃ ባዩ ቤት ሄደች። ባዩ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ዘርፈሽዋል ከውስጥ ከልጇ አጠገብ ናት።

"አንተም፣ ሌሎቹም አባቶች፣ ነገ አብራችሁኝ ኑ" አለችው። "ቺንጋው በአጥር ይከለል። አጥር ካለ ልጆቹ ዙሪያውን ይሄዳሉ። ሸረፋም በሥሩ ሊያሾልካቸው አይችልም።"

"የእግዜር ቁጣ ነው" አለ ባዩ፣ መሬት መሬት እያየ። "ኃጢአታችን ነው።"

"እግዜር ቺንጋ አልዘረጋም! የዘረጋው ቤፔ ነው፤ ልጅህን በሥሩ የሰደዳት ሸረፋ ነው፤ ለሸረፋ የሰጠሃት ደግሞ አንተ ነህ።"

ባዩ ተነሳ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። "አንቺ ሴትዮ፣ ከደጄ ጥፊ! ያንቺው ዋርሳ አይደለም ልጄን ያጠፋት? አሁን ደግሞ እኔን ለጣሊያን ገመድ ልትዳርጊኝ መጣሽ?"

"አንተ ፈሪ ነህ።"

"ውጪ!" ብሎ በትሩን አነሳ። ወጣች። ሌሎቹም ደጆች ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰጧትም። አንዱ ጭራሽ ውሻ ለቀቀባት።

በበነጋው ተረፈን ያዘችው። ተረፈ ከሚሲዮን ቤት ጥቂት ጣሊያንኛ የተማረ፣ ድምፁ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። "ለቤፔ ንገርልኝ" አለችው። ተረፈ እየፈራ ነገረው። ቤፔ ትከሻውን ሰብቆ አንድ ሁለት ቃል ተናገረና ወደ ትራክተሩ ሄደ።

"ምን አለ?"

"ዙሪያ ከሄዱ ሥራው ይዘገያል አለ። ደግሞ…"

"ደግሞ ምን? ተናገር እንጂ፣ ምላስህን ተበደሩህ?"

"እዚህ አገር እንጨት ውድ ነው፤ እጅ ግን ሞልቷል አለ።"

ሳሌሃ ወደ ቤቷ ሄዳ የራሷን አጥር ነቀለች። በማግስቱ ሌላው ሰው ሳይደርስ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሸምበቆውን ተሸክማ ወርዳ በቺንጋው ግራና ቀኝ ችካል ተከለች። ሸረፋ መጥቶ፣ ባንዳዎቹ እየሳቁ፣ እየነቀለ ማገዶ አደረገው። በሚቀጥለው ቀን ደግማ ተከለች። ነቀለው። የቤቷ አጥር አለቀ፤ የሰው ፍየል ገብቶ በርበሬዋን በላው። እሷ ግን ከባዶው አጥር የተረፈውን ጥራጊ ይዛ ሄደች። በዚያን ጊዜ ልጆቹ ባያመሰግኗትም ነጠላና መቀነታቸውን ከክምሩ ዘንድ እያወለቁ መሥራት ጀምረው ነበር። ያላወለቀውን በዘንግ ስለምትመታው ነው።

ሸረፋ የመጨረሻውን ችካል ሲነቅል ሰዉ ሁሉ እያየ ወደ እሷ ዞረ። "ለልጅሽ ነው ይህ ሁሉ? እንግዲያው ልጅሽ ከዛሬ ጀምሮ ቺንጋው አጠገብ አትደርስም" አለ። ከዚያ ሰፍያን ጠራት። "ውጪ፣ ላይ!"

ላይ ማለት የመኪናው አናት ነው። ነዶውን ተቀብሎ ወደሚፈጨው ጥርስ የሚወረውረው ሰው የሚቆምበት። ከእግር በታች ጣውላው ይንቀጠቀጣል፤ አንድ እርምጃ ያህል ወደፊት ጥርሱ ነው። ቤፔ ራሱ እዚያ የሚያቆመው ጎልማሳ ወንዶችን ብቻ ነበር።

"ሸረፋ፣ የከድሮ ልጅ ናት!" አለች ሳሌሃ።

"ከድሮን ቀብረሽዋል። እኔንም ቀብረሽኛል። የሞተ ሰው አይለመንም።"

ሰፍያ እናቷን አላየችም። የአጎቷን አለንጋ አየችና ወጣች። ትራክተሩ ተነሳ፤ ቺንጋው መሮጥ ጀመረ፤ ልጆቹ ነዶ ይዘው ተሰለፉ። ሳሌሃ "ውረጂ! ሰፍያ ውረጂ!" ብላ ጮኸች። ሞተሩ ዋጠው። የተሰለፉትን "ወዲያ! ከዚህ ሂዱ!" አለቻቸው፤ አፏ ሲከፈት እንጂ ቃሏ አልተሰማም።

ከዚያ ጎንበስ አለች። የሜዳው መሬት ጥቁር ነው፤ በበጋ ሲደርቅ ጓሉ ድንጋይ ይሆናል። አንዱን አንስታ የፊተኛውን ልጅ ደረቱን አለችው። ሁለተኛውን ሌላኛው ጀርባ ላይ። ልጆቹ ነዶውን ጥለው ፈረጠጡ። እየተከተለች ወገረቻቸው፤ አንዱ ጉልበቱ ደማ፤ አንዷ እያለቀሰች ቦዩ ውስጥ ወደቀች። ከቺንጋው ዙሪያ ልጅ የሚባል እስኪጠፋ ድረስ አላቆመችም። በመጨረሻ ትልቁን ጓል አንስታ የገዛ ልጇ ላይ ወረወረችው። ሰፍያን ግንባሯን መታት፤ ወደ ኋላ ተንገዳግዳ ከመኪናው ጀርባ በኩል ጭዱ ላይ ወደቀች።

ሸረፋ አለንጋውን ይዞ ሲሮጥባት ሳሌሃ ጋቢዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጠቅልላ ቺንጋው መዘውሩን በሚዞርበት ቦታ ወረወረችው። ጋቢው በአንድ ትንፋሽ ገባ። መኪናው አጓራ፤ ቺንጋው ከመዘውሩ ዘለለ፤ ተበጠሰ። የተበጠሰው ጫፍ በአየር ላይ ተወርውሮ የሳሌሃን ግራ ፊት መታው። ወደቀች። ሞተሩ ብቻውን ትንሽ ጮኾ ጠፋ።

በአጥሩ ነቀላ የሳቁ ባንዳዎች አሁን አልሳቁም። ቤፔ ሽጉጡን ይዞ መጣ። ሳሌሃ ተቀምጣ ነበር፤ በግራ ዓይኗ ደም ይወርዳል።

"ሽፍታ ልኳት ነው!" አለ ሸረፋ። "ምርቱን ልታጠፋ ተልካ ነው! ንገረው ተረፈ፣ በለው!"

የሽፍታ ሰው ነው የተባለ ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል። ከካምፑ በር አጠገብ የተተከለው የመስቀያ እንጨት ለዚያ ነበር። ተረፈ ላቡን ጠረገ። ለቤፔ ረጅም ነገር ተናገረ፤ በጣቱም ጭንቅላቱን እየጠቆመ አሳየው።

ሳሌሃ ጣሊያንኛ አታውቅም፤ የጣቱን ነገር ግን ገባት። "ምን አልከው? እብድ ናት አልከው?"

"ዝም በይ እትዬ ሳሌሃ" አለ ተረፈ በጉራግኛ፣ ቀና ሳይል። "ስለ አላህ ዝም በይ።"

"እብድ አይደለሁም በለው! አውቄ ነው ያደረግኩት። ነገም ካገኘሁ አደርገዋለሁ በለው! ልጅ የሚበላ መኪና ነው በለው!"

ተረፈ ወደ ቤፔ ዞሮ አጭር ነገር ተናገረ። ቤፔ ምራቁን ተፋ፤ ሽጉጡንም ወደ ማኅደሩ መለሰ። ተረፈ የተናገረችውን አንድም ቃል አልተረጎመላትም። ነፍሷ የተረፈችው በዚያ ነው፤ እሷ ግን ይህን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ይቅር አላለችውም።

ተገረፈች። ከዚያ ካምፑ ውስጥ ባለች ጠባብ ቤት ተዘጋባት። ዓይኗ መገለና ጠፋ። በከተማው የተወራው ደግሞ ሌላ ነበር፦ ሳሌሃ ልጆቻችንን ወገረች። ጉልበቱ የደማው ልጅ አባት ለጭቃ ሹሙ አቤት አለ። የገዛ ልጇን ግንባር የፈነከተች ሴት፣ አሉ፣ ከእሷ ምን ይጠበቃል? አንድም አባት ልጁ ለምን እንደተወገረ አልጠየቀም፤ ወይም ጠይቆ መልሱን አልወደደውም።

የምትጎበኘው ዘርፈሽዋል ብቻ ነበረች፤ የአደይ እናት። ባሏ ሳያውቅ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ለዘበኛው ትሰጣለች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ትመለሳለች። አንድ ቀን ሳሌሃ በበሩ ቀዳዳ አየቻት።

"ቆጮሽ ቃጫ አለው" አለቻት። "እንሰት መፋቅ አልተማርሽም እንዴ?"

ዘርፈሽዋል ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች። "ድሮ የምትፍቀው አደይ ነበረች" አለች። "አሁን በአንድ እጅ አልሆነላትም።"

ሳሌሃ ቆጮውን በላች።

በእርሻው ላይ የሆነው ደግሞ ይህ ነው። አዲስ ቺንጋ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የበልጉ ዝናብ ደረሰ። ቤፔ ግማሽ ስንዴው ሲሻግት አይቶ በሬ ሰበሰበ፤ የቀረው እንደ ጥንቱ በአውድማ ተወቃ። ልጆቹ በሬ ነዱ፤ ጭድ ጠረጉ፤ ማታ ማታ እጅና እግራቸው ሙሉ ሆኖ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት አዲሱ ቺንጋ ሲዘረጋ ቤፔ አናጢ ጠርቶ ከትራክተሩ እስከ መኪናው ድረስ በወፍራም ጣውላ ግራና ቀኝ አስከለለው። ለልጆቹ ብሎ አልነበረም። ሌላ እብድ መጥቶ ጋቢ እንዳይወረውርበት ለቺንጋው ብሎ ነው። ቢሆንም በሥሩ የሚሾልክ ጠፋ፤ ልጆቹ ነዶውን ተሸክመው ዙሪያውን ሄዱ።

ሳሌሃ ከእስር ስትወጣ ይህን ነገሯት። "እንጨት ውድ ነው ሲል አልነበር?" አለችና ወደ በርበሬዋ ሄደች።

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ቤፔ በካሚዮን ተጭኖ ሄደ፤ ሸረፋም ወደ ስልጤ ሸሸ። ሕዝቡ እርሻውን ሲዘርፍ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ብረት ሊፈቱ መኪናው ላይ ወጡ። ሳሌሃ ዘንጓን ይዛ ደረሰች። ጥርሱን በእጃቸው ሊያዞሩ የሚታገሉትን ልጆች እያወረደች መታቻቸው። "ዛሬም ጣሊያን ነው እንዴ የላካችሁ?" አለቻቸው ለአባቶቹ። አንዱ ሊገፋት ቃጣ፤ ባዩ ያዘው። ሳሌሃ አላመሰገነችውም። ልጆቹ ግን ወረዱ።

ሸረፋ ዓመት ቆይቶ ከስቶ ተመለሰ። የሚያስጠጋው አላገኘም። ሽማግሌዎች ዕርቅ ካልወረደ ደም ይፈሳል ብለው ሁለቱን ከዋርካው ሥር ሰበሰቧቸው፤ ሙሀመድሰይድ የሚባሉ ትልቅ ሰው ዳኛ ሆኑ።

"ሳሌሃ፣ ሰውየው ተዋርዷል። ይቅር በይው" አሏት።

"አልለውም።"

"አላህ ይቅር ባይን ይወዳል።"

"አላህ ሁለት ዓይን ሰጥቶኝ ነበር፤ አንዱን ቺንጋ ወሰደው። የሚወደውን እሱ ያውቃል። ይቅር አልለውም፤ ቤቱንም አላቃጥልበትም። አንድ ነገር ግን ይማል።"

"ምን ልማል?" አለ ሸረፋ፤ ድምፁ ደክሞ።

"ልጆች በሚሠሩበት ላይ አለቃ ላትሆን። በማሳ ይሁን በአውድማ ይሁን፣ የገዛ ልጆችህን እንኳ ሌላ ሰው ያሠራልህ።"

ሰዉ አጉረመረመ፤ በዝቷል ያለ ነበር። ሙሀመድሰይድ ጺማቸውን እየዳሰሱ ሸረፋን አዩት። ሸረፋ እጁን ቁርኣን ላይ አድርጎ ማለ። ሲጨርስ ወደ እሷ እጁን ዘረጋ። ሳሌሃ እጁን በአንድ ዓይኗ አየችው፤ አልጨበጠችውም። ሽማግሌዎቹን "አላህ ይስጥልኝ" ብላ ተነሳች።

ሰፍያ ኋላ አገና ወደሚባል አገር ተዳረች፤ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ በሻሽ ትሸፍነው ነበር። እናቷን ብዙም አልጠየቀቻትም። ሳሌሃ የበርበሬ ማሳዋን ብቻዋን እየኮተኮተች ኖረች። በአጨዳ ወቅት ማንም ሳይጠራት በሰው ማሳ ዳር ቆማ ማጭድ የያዘ የሰው ልጅ ትሰድባለች። ባለ ማሳው ይበሳጫል፤ ልጁ ግን ማጭዱን አስተካክሎ ይይዛል።